ኖራ ያልነካው ግድግዳ

ሞንጂ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ የስፌት መኪና ከሚጠግኑበት ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጦ የሰማው ወግ ነው። አባቱ ከአንድ የዘይት ነጋዴ ጋር ይከራከራሉ። የነጋዴውን ስም ረስቶታል፤ ፊቱንም በደንብ አላየውም። ከባንኮኒው ሥር ሆኖ ያየው ጭቃ የያዘ ጫማውን ነው፤ ከልብሱ የሚወጣው የወይራ ጭማቂ ሽታም እስከ ዛሬ አልጠፋውም።

«ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ግማሹ ስፋክስ ውሃ ውስጥ ነው» አለ ባለ ጫማው። «ሬዲዮው የሚያወራው ግን ዋና ከተማው ውስጥ ስለተከፈተ የአበባ ትርኢት።»

«ይተዉን እባክህ» አሉ አባቱ። «ከዚያ የሚመጣ እንግዳ ወይ ሊቆጥረን ነው፣ ወይ ሊመክረን።»

«ሐኪም ያላየው በሽተኛ መድኃኒት አይታዘዝለትም እኮ።»

አባቱ ለዚህ የመለሱት ነገር ነበር። ሞንጂ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ አንዳንድ ቀን ብሎን እየፈታ እጁን ገታ ያደርግና ያንን መልስ ይፈልገዋል። አይመጣለትም። የሚያስታውሰው አባቱ ሬዲዮውን እንዳጠፉት፣ ነጋዴውም እንደሣቀ ብቻ ነው።

ሱቁ ዛሬም እዚያው ነው፤ ከስፋክስ አሮጌ ከተማ ግንብ በስተውስጥ። ሬዲዮውም ከማለዳ እስከ ማታ ሶላት ይናገራል። ሞንጂ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያገኘው በጆሮው ነው። ሬዲዮም ይሁን ሰው፣ ሲናገር አያቋርጥም። «ሲ ሞንጂ» እያሉ በአክብሮት የሚጠሩት ደንበኞቹ «ለሞንጂ ነገር መንገር ጠጠር ጉድጓድ ውስጥ እንደ መጣል ነው፤ ድምፁ የሚሰማህ ታች ሲደርስ ነው» ይሉታል።

ያን ሰሞን ታች የደረሰው ጠጠር የእህቱ ነገር ነበር። ሐጃ ራዲያ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። ቤቷ ተኒዩር መንገድ፣ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ባሏ ታውፊቅ የታወቀ የጀልባ አናጺ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ግማሽ ጎኑ ዝሎ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን የሚሠራለት ግራ እጁ ብቻ ነው። ከአንደበቱም የቀሩት ጥቂት ቃላት ናቸው። ሰፈሩ ድሮ የወንዝ መውረጃ ነበር። ቤት የሠሩት ሰዎች ወንዙን ረሱት፤ ወንዙ ግን መንገዱን አልረሳም።

ባለፈው ዓመት መኸር ላይ፣ ከንጋት ሶላት በኋላ፣ ውሃው ሳይታሰብ መጣ። ራዲያና ሁለት ጎረቤቶች የጓዳውን በር ነቅለው በሁለት የዘይት በርሜሎች ላይ አጋደሙትና ታውፊቅን ከላዩ አስተኙት። አራት ሰዓት ሙሉ ውሃውን በዓይኑ ሲከታተል ቆየ። ውሃው ከበሩ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ወረደ። ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር ትቶ ሄደ። ራዲያ ሳምንት ሳይሞላ መስመሩን በኖራ አጠፋችው።

«እኔ ቤት ግቡ» ብሏት ነበር ሞንጂ።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ? ታውፊቅን በምን ልታወጣው፣ በገመድ?» አለችው። «ከዚህ ቤት የምንወጣው በቃሬዛ ነው።»

የሰፈሩ ሰው የውሃ መውረጃ ቦይ እንዲሠራለት ሁለት ጊዜ ፈርሞ አመለከተ። ሁለቴም የመጣው መልስ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው መልስ በመጣበት ወር ዋና ከተማው ውስጥ አንድ የመኪና መተላለፊያ ለአንድ ቀን ውሃ ተኛበት። ቴሌቪዥኑ ማታም ጠዋትም አሳየው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኞች ቧንቧ ይዘው ሲቆፍሩ ታዩ። ሞንጂ ይህን ያየው ከጎረቤቱ ከላምጀድ ምግብ ቤት ተቀምጦ ነው። ላምጀድ የሽምብራ ሾርባ ይሸጣል፤ ምላሱም እንደ ሾርባው ይለበልባል።

«ቧንቧ ካሜራን ተከትሎ ነው የሚሄደው ማለት ነው» አለ ሞንጂ፣ ብዙ ካሰበ በኋላ።

«አሁን ገባህ?» አለ ላምጀድ። «እኛ እኮ በአየር ጠባይ ዜና ላይ እንኳ አንታይም። ልጅቷ ካርታው ፊት የምትቆመው በምሥራቅ በኩል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፋክስ ከትከሻዋ ጀርባ ነች። ፀሐይ ይውጣብን ዝናብ ይምጣብን የሚያውቀው ቀሚሷ ነው።»

«አገሩን ግማሹን የሚያበላ ከተማ።»

«የሚያበላ ማድቤት ነው ሲ ሞንጂ። እንግዳ መቼ ማድቤት ገብቶ ያውቃል?»

ሞንጂ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው መደወል ጀመረ። ስምንት ጊዜ ደውሎ ስምንት ጊዜ ሙዚቃ ሰማ፤ እስከ መጨረሻው ነው የሰማው። በዘጠነኛው ኢነስ የምትባል ወጣት ጋዜጠኛ አነሣችው። ስለ ታውፊቅ፣ ስለ በሩ፣ ስለ አራቱ ጣት ነገራት።

«ምልክቱ አለ?» አለች። «ውሃው የደረሰበት?»

«እህቴ ቤት ያለውን በኖራ አጥፍታዋለች። መንገዱ ላይ ግን በየግድግዳው አለ። የተላጠውም፣ የተቦረቦረውም እንዳለ ነው።»

«እንግዲያው ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሞንጂ ሁለት ረከዓ ሰግዶ አመሰገነ። ከዚያ ለእህቱ ደወለና፣ «ሐሙስ ከዋና ከተማው እንግዶች ይመጡልሻል» አላት። ስህተቱ ይህቺ ነበረች። እንደ እሱ ያለ የስፋክስ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሲደርስ ሰፈሩን አላወቀውም። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ግድግዳው ሁሉ ዓይን እስኪያጥበረብር ነጥቷል። በሮቹ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። በየደጁ ሬሐን የተባለው መዓዛማ ቅጠል የተተከለበት ማሰሮ ተቀምጧል። መሬቱ ተጠርጎ፣ ተረጭቶ፣ እንደገና ተጠርጓል። ራዲያ እስከ ክርኗ ኖራ እንደነካት መሀል ላይ ቆማለች።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናድርግ ታዲያ? እንግዳ እኮ ነው። አርባ አባወራ ነው የወጣው፤ ትናንት ከንጋት እስከ ምሽት።»

«እህት ዓለም፣ የሚመጡት ጉድፉን ሊያዩ ነው።»

«ጉድፌን አይቶ የሚሄድ እንግዳ የለኝም» አለች ራዲያ፤ ገብታም እጇን ታጠበች።

ኢነስ ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር መጣች። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ሄደችበት። ግድግዳውን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ነጭ ሆነ። «የታለ?» ብላ ሞንጂን አየችው። ሞንጂ «እዚህ ድረስ ነበር» ብሎ በእጁ አሳያት፤ ካሜራውም አንድ ሰው እጁን በነጭ ግድግዳ ላይ ሲያስኬድ ቀረጸ። ራዲያ በቴምርና በሸካራ የስንዴ ዱቄት የተሠራ ጣፋጭ ማቅሩድ በትሪ አቀረበች። ታውፊቅ የተኛበት ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ራዲያ ጉያ ውስጥ ነው።

«በሽተኛው ጋ መግባት ይቻላል ሐጃ?» አለች ኢነስ።

«ተኝቷል ልጄ። አንድ ጨምሪ፤ ምንም አልበላሽም።»

ቅዳሜ ማታ ላምጀድ ቤት ተሰብስበው ተመለከቱት። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። ነጩ መንገድ፣ ሰማያዊዎቹ በሮች፣ የራዲያ እጅና ማቅሩዱ። ነዋሪዎቹ ጎርፍ እንደሚያሰጋቸው እንደሚናገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገለጸ፤ ቀሪው ጊዜ ስለ ንጽሕናቸውና ስለ ሥራ ወዳድነታቸው ሆነ።

«ይኸው፣ ታየን» አለ ላምጀድ ጭልፋውን እያራገፈ። «አገሩ ሁሉ ማቅሩድ አማረው።»

ሞንጂ አልሣቀም። ወሩ ሳያልቅ ሦስተኛው ደብዳቤ መጣ። «በቅርቡ በቴሌቪዥን እንደታየው ሰፈሩ በመልካም ይዞታ ላይ ስለሚገኝ ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል» ይላል። ሞንጂ ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ማታ በመግሪብ ሶላት ላይ ግንባሩን መሬት ደፍቶ የሚቆይበት ሱጁዱ ረዘመ።

ዝናቡ የደብዳቤውን ዓመት አልጠበቀም። ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ላምጀድ የሞንጂ ሱቅ በር ላይ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ፣ «ሲ ሞንጂ፣ ውጣ» አለው። ሲደርሱ ውሃው ጉልበት አልፏል። ራዲያ በሩን ነቅላ በርሜሎቹ ላይ አጋድማለች። ታውፊቅን በሦስት አነሡት። ወደ በሩ ሲያሻግሩት የራዲያ የእጅ አንጓ ከዳት። ታውፊቅ በእሷ በኩል አዘነበለና እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገባ። ሞንጂ ብብቱን ይዞ ጎተተው፤ ላምጀድ ከሥር ገፋው። የታውፊቅ ዓይን ሚስቱ ላይ ነበር።

ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረደ። ዘንድሮ ቀላል ዝናብ ነው ተባለ።

ሞንጂ ያን ዕለት ከሰዓት ለኢነስ ደወለ። አስቀድማ የጠየቀችው ስለ ታውፊቅ ነበር። ከዚያ፣ «ያላየሁትን ማሳየት አልችልም ሲ ሞንጂ። ያን ጊዜም የነገርኩት ያየሁትን ነው» አለች። «ኖራ ካላስነካችሁት ግን ሐሙስ ሳምንት እመጣለሁ። አለቃዬን እኔ አሳምነዋለሁ።»

በማግስቱ እህቱ ቤት ሲገባ ኖራው በባልዲ ተበጥብጦ ጠበቀው። ራዲያ የግራ አንጓዋን በሻሽ ጠምጥማ በቀኟ ታማስላለች። ግድግዳው ላይ አዲሱ መስመር ገና አልደረቀም።

«ለአንድ ሳምንት ተይው» አላት።

«ምን ልበል ብዬ? ገበናዬ ይኸው፣ ኑ እዩልኝ? እናታችንን ረሳሃት? በችግሩ ዘመን ጎረቤት እንዳይሰማ ባዶ ድስት ታማስል ነበር። ማንኪያው ድስቱን ሲመታ ጎረቤት ‹እነሱ ቤት ወጥ አለ› ይላል።»

«አልረሳሁም።»

«እና?»

ሞንጂ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከታውፊቅ እግር አጠገብ ተቀመጠ። «ድስቱ ባዶ እንደነበረም አልረሳሁም» አለ። «ጎረቤታችን ሻክራ ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ዱቄት ነበረ። ስናድግ ራሷ ነገረችኝ። ‹ማንኪያችሁን እየሰማሁ እነዚህስ ጠግበዋል እል ነበር› አለችኝ። አለቀሰችም።»

ራዲያ ማማሰሉን አቆመች። «ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ለእናታችን ክብር ብዬ ነው።»

«አላህ የሸፈነውን መግለጥ ደግሞ ነውር ነው።»

«አላህ የሚሸፍነው ኃጢአትን ነው እህት ዓለም። ውሃ ምን ኃጢአት አለበት? አንቺስ ምን አደረግሽ?»

ራዲያ የኖራውን ብሩሽ ልታነሣ ዘወር ስትል ቦታው ላይ የለም። ከባልዲው ጎን፣ አልጋው አጠገብ ነበር ያስቀመጠችው። ባልዲውን አዞረች፤ ወንበሩን አነሣች። ከዚያ የአልጋውን ልብስ አየች። ከታውፊቅ ግራ ብብት ሥር ነጭ ጠብታ ይንጠባጠባል። በደህናው ክንዱ ብሩሹን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞ ጣሪያውን ያያል፤ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

«አምጣ» አለችው።

ታውፊቅ አልለቀቀም።

«አንተ ሰውዬ፣ አንሶላውን እኮ ትናንት ነው ያጠብኩት። አምጣ።» ሳብ አደረገችው። ድሮ መቅዘፊያ ጨብጦ፣ ምስማር መትቶ የኖረ እጅ ነው፤ በአንድ ጎን ቢቀርም አልተከፈተም። ታውፊቅ ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ ወደ መስመሩ አደረገ። ከዚያ ወደ ተጠመጠመው አንጓዋ። እዚያ ቆየ።

ራዲያ እጇን ከብሩሹ አነሣች። ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሞንጂ መስማት የለመደ ሰው ነውና ዝምታውንም አላቋረጠውም። ከውጭ አንዱ ጎረቤት ጭቃ በአካፋ ሲዝቅ ይሰማል።

«ፊቱን አያሳዩም» አለች በመጨረሻ።

«እነግራታለሁ።»

«በርሜሉንና በሩን፣ መስመሩን ያሳዩ። ከእሱ ግን እግሩን ብቻ፤ ካልሲ አለብሰዋለሁ። ስለ ራሴም አልናገርም። የምትናገረው አንተ ነህ።»

«እሺ።»

«ለጎረቤቶቹም የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንተ ብትነግራቸው አይሰሙህም፤ ነገ ማለዳ አርባ ባልዲ ታያለህ።» ተነሣችና የኖራውን ባልዲ በደህና እጇ ይዛ ወደ ጓሮ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ግድግዳውን እስከ ሐሙስ አልነካም» አለች። «ወለሉን ግን እጠርጋለሁ።»