ሁለቱ ሦስት ሰዓት

በጎንደር ሰርቨር የሚባለውን ነገር ከእኔ በፊት የነካ የለም፤ አለ ከተባለም እኔ ያስተማርኩት ነው። የሐጂ ኸሊልን የሰሊጥ መጋዘን በኮምፒውተር ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ማን ምን እንደነካ የሚጽፍበት ሎግ ዲስኩን ሲያጣብበው፣ በየሰዓቱ ወደ ክላውድ፣ «ደመና» ወደሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ልኮ እዚህ ያለውን የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠራሁ። አሜሪካኖች ቢያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭኑ ነበር።

ሐጂ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የፋይሉን ስም በፈረንጅ ሰዓት እንዳታደርግብኝ። ሦስት ሰዓትን ሦስት በለው።»

እንዳሉኝ ሦስት አልኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሳንጃ የገባ የአንድ ማኪና ሰሊጥ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ጠፋ። የመጋዘን ኃላፊው አኒስ ጸሐፊዋን ዐዚዛን «እሷ ናት፣ ትባረር» አለ። ሐጂ ግን «ቆይ፣ ማሽኑ ይናገር» ብለው በማግስቱ አስጠሩኝ።

«ኢንጂነር ሙሉሰው፣ እስቲ ያን ደመናህን አዝንበው!» አለ አኒስ።

«ጎርፉ እንዳይወስድህ ዳር ያዝ» አልኩት።

የማክሰኞን ሦስት ሰዓት ከፈትኩ። ባዶ። አራት ሰዓትን ከፈትኩ። ባዶ። የሰኞውም ባዶ።

«አላልኩም? እሱንም አጥፍታዋለች!» አለ አኒስ።

ዐዚዛ ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ገባኝ። ማታም ሦስት ሰዓት አለ! ክላውዱ ተመሳሳይ ስም ሲመጣለት አዲሱን ይዞ አሮጌውን ይጥላል። ማታ ቢሮው ዝግ ስለሆነ የሚጻፍ የለም። የቀኑን ጫጫታ ሁሉ የማታው ባዶ ሲውጠው ከርሟል። ከክረምት ጀምሮ ሰማይ ላይ ያከማቸሁት ዝምታ ነበር፤ ያን ያህል ዝምታ ያከማቸ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

«ሐጂ፣ ሎጉን ያጠፋው ፕሮግራሜ ነው። ቀንና ማታ አይለይም።»

«መዝገቡንስ ማን አጠፋው?»

«እሱን የሚነግርዎ ማሽን የለም።»

ሐጂ ወደ ዐዚዛ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሐጂ። ምነው ትናንት ቢጠይቁኝ?»

«አውፍ በይኝ። ሰሊጡ እንደሆነ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እንደገና መዝግቢው።»

አኒስ እያጉረመረመ ጆንያዎቹን ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ አጠገባቸው ፕሮግራሙን እያረምኩ አሰብኩ። ልጅቷ ፊታቸው ቆማ ሳለ ሰዎቹ ወደ ሰማይ ያንጋጠጡት በእኔ ወሬ ነው። ምላሴ እንዲህ ኃይለኛ መሆኑን እኔ ራሴ እንኳ አሳንሼ ነበር የማወራው።