የፋዮ መዶሻ

«ለበሬ አለንጋ፣ ለበያጅ ፋዮ!» እያለች ትፎክር ነበር ፋዮ። በአብነት ሰፈር እንደሷ ሠራተኛ ቀጥ አድርጎ የሚገዛ አለቃ የለም። ይህን ያለው ማነው? ራሷ ናታ!

የእትዬ ጠጅቱ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ውስጥ ኤሌክትሮድ አቀባይ ሆና ገብታ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ አለቃ ሆነች። አመራሯ ደግሞ ቀላል ነው፦ ስህተት ታያለች፣ ያገኘችውን ትወረውራለች። ጉጠቱ በርሯል፣ ሞረዱ በርሯል። የምትወደው ግን ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻዋን ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ በር ጠሞ አገኘችው።

«ዓይንህን የት ጥለኸው ነው አንተ?»

መዶሻው በበያጁ በቶሌሳ ጆሮ ስር ተምዘግዝጎ ቆርቆሮውን በሳው። ቶሌሳ እሱን እሸሻለሁ ሲል በእጁ የሚሽከረከረው ብረት መቁረጫ ክንዱን ዘነጠለው። ደሙ በሩ ላይ ተረጨ፤ ቀለም የተቀባ እስኪመስል። ቶሌሳም በደህና እጁ ፌሮ ብረት አነሳ።

«ልቀቀኝ ሚደቅሳ! ዛሬ ጭንቅላቷን ነው የምበይደው!»

ባልደረባው ሚደቅሳ ወገቡን ይዞ እየጎተተ ወደ ክሊኒክ ወሰደው። ስምንት ቦታ ተሰፋ።

እትዬ ጠጅቱ ፋዮን ጠሯት። «ስሚ ልጄ፣ እጅሽ ለብረት ወርቅ ነው፤ ለሰው ግን ድንጋይ። የመሪዎች አሰልጣኝ ጠርቼልሻለሁ። ቅዳሜ ሠራተኞቹን እጠይቃለሁ። አንፈልጋትም ካሉ አለቅነትሽ አበቃ።»

«አሰልጣኝ? ኳስ ልንጫወት ነው እንዴ እትዬ?» አለች ፋዮ።

አሰልጣኟ ነጅማ ማክሰኞ ጠዋት መጥታ ባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። እስከ ምሳ ድረስ ደብተሯ ላይ ስትጭር ቆየች። ከዚያ ፋዮን ወደ ደጅ አወጣቻት።

«ስትወረውሪ ሰዎቹ ምን ያያሉ?»

«ጥፋታቸውን ነዋ!»

«ዛሬ ምንም ሳትወረውሪ እንኳ፣ ሚደቅሳ በአንድ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እጅሽን አየ። ብረቱን የሚያየው ጊዜ ሲተርፈው ነው። እስከ ቅዳሜ ከእጅሽ በፊት ጥያቄ አስቀድሚ። እስኪመልሱልሽም ጠብቂ።»

«መጠበቅ?» ፋዮ ተዋጊ ቢሏት ይቀላት ነበር።

ረቡዕ ደግሞ ሌላ በር ጠመመ። የፋዮ ደም ግንባሯ ላይ ወጣ። እጇ ወደ መዶሻው ተወረወረ። ግማሽ መንገድ ላይ እጇን መለሰች፤ ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች።

«ሚደቅሳ... ለምን ይመስልሃል የሚጠምብን?»

ሚደቅሳ መጀመሪያ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚመጣ ነገር ሲያጣ፣ «ስኳድራው ጠሟል» አለ። «ማዕዘኑን የምንለካበት እሱ ከጠመመ በሩ ከየት ይቀናል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለመንገር ቀና ማለት ያስፈልጋላ!»

«ማነው ያጣመመው?»

«ባለፈው ወር ጀርባዬ ላይ ያሳረፍሽው ዕለት ነው የጠመመው።»

ፋዮ ወዲያው ሄዳ አዲስ ስኳድራ ገዛች። ሐሙስና ዓርብ የወጣው በር ሁሉ እንደ ሻማ ቀጥ አለ።

ቅዳሜ እትዬ ጠጅቱ ሁሉንም ሰበሰቧቸው። «እህ? ትቀጥል ወይስ ትውረድ?»

ማንም አፉን ሳይከፍት ፋዮ ዘላ መሃል ገባች። «ምን ይጠየቃል! ፋዮ ተለውጣለች! ከማክሰኞ ጀምሮ መዶሻዬን በእጄ አልነካሁም! ይኸው፣ በፈቃዴ ለእትዬ አስረክባለሁ!»

መዶሻውን ከብረት ጠረጴዛው ላይ አፈፍ ልታደርግ ያዘችው። አልተነሳም። በሁለት እጇ ጎተተችው። ጠረጴዛው አብሯት ተንቋቋ። ነጅማ በደብተሯ አፏን ሸፈነች።

ቶሌሳ በፋሻ የታሰረ ክንዱን እያከከ ተናገረ።

«ማክሰኞ ከነጅማ ጋር ደጅ ስትወጪ ጠረጴዛው ላይ በይደነዋል። የነጅማን ምክር አምነናል፣ አንቺን ግን ገና አላመንንም። ትቀጥል እትዬ፤ መዶሻው ግን እንደተበየደ ይቀመጥ።»