ጅማ የምትላከው አንዷ

ሲስተር ዓባይነሽ ቀንታ ነበር። ምን ያሽሞነሙኑታል፣ ቅናት ነው፤ አንጀቷን እርር ድብን ያደረገ ቅናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ዓባይነሽ ለምትሠራበት የቦንጋ ሕክምና ቤት አልትራሳውንድ መጣለት፤ የሚያነበው ሰው ግን አልመጣም። እርጉዙ ሁሉ ሆዱን ይዞ ጅማ ድረስ ሲንገላታ መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ቁጭ አለ። ኋላ ዶክተር ተክለጻድቅ የሚባሉ ሐኪም ከጅማ መጡና ነርሶቹን ማስተማር ያዙ። ከመካከላቸው የበለጠችው ዓመት ሙሉ ጅማ ተልካ ትማራለች፣ ስትመለስም ክፍሉን ትረከባለች ተባለ። ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ደግሞ ነፍሰ ጡር አትላክም።

ዓባይነሽ ያ ቦታ የኔ ነው ብላ ነበር። ለምን አትል! ፀጉሯ የሸበተው እዚያው ማዋለጃ ክፍል ነው። ልጅ አልወለደችም፤ እሷም ባሏም ስለ ልጅ ማውራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የቀራት ሥራዋ ነው። ታዲያ በቅርቡ ከቢታ ገነት ተዛውራ የመጣች ሔለን የምትባል ነርስ፣ ሆድ ላይ የሚንሸራተተውን ፕሮብ ገና ስታሳርፈው ጉበቱም ኩላሊቱም ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ዶክተሩም እጅ ማለት የሷ ነው እያሉ ያሞግሷታል። ለዓባይነሽ ግን ስክሪኑ ጉም ብቻ ነው። ቤቷ ስትገባ እህል አልወርድ አላት። ልጅቷን ልትረግማት ይቃጣታል፣ ደግሞ እግዜርን ትፈራለች።

ልምምዱ እርስ በርስ ነበር፤ አንዷ ትተኛለች፣ ሌላዋ ታያለች። በመጨረሻው ሳምንት የመተኛቱ ተራ የሔለን፣ የማየቱ የዓባይነሽ ሆነ። ዶክተሩ ከወዲያኛው አልጋ ሌሎቹን ያስተምራሉ። ዓባይነሽ ጄሉን ቀብታ ፕሮቡን ከእምብርቷ ዝቅ አደረገችው። በዚያች ሰዓት ጉሙ ተገፈፈላት። ጥቁር ክብ አየች፤ በክቡ ውስጥ ባቄላ የምታህል ነገር፣ በባቄላዋ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የምትርገበገብ ነጥብ።

ሔለን ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ምንም አታውቅም።

ዓባይነሽ ልጅቷን ቀስ ብላ ለብቻዋ ልትነግራት ይገባ ነበር። ወግ ያለው ሰው እንዲያ ያደርጋል። እሷ እቴ! የታያት ጅማ ብቻ ነው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ሔለን ነፍሰ ጡር ናት» አለች።

ዶክተሩ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ልክ ነበረች። ይህን ያህል ትንሽ ፅንስ ለይታ ማግኘቷን አደነቁላት፤ እንግዲህ ጅማ የምትሄደው እሷ መሆኗንም እዚያው ተናገሩ። ዓባይነሽ ልጅቷ እስክታለቅስ ጠበቀች።

አለቀሰችም። ግን እያለቀሰች የዓባይነሽን እጅ ከነጄሉ ይዛ ሳመችው። ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ ከእንግዲህ ተስፋ አታድርጊ ተብላ እንደነበር ነገረቻት። ጅማን ጭራሽ ረስታዋለች።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ያዩልኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «ሴት ከሆነች ክርስትና የሚያነሱልኝ እርስዎ ነዎት። እስቲ ደግመው ያሳዩኝ።»

ዓባይነሽ ስክሪኑን አዞረችላት፤ ሔለን አይታ እስክትጠግብ ድረስም ፕሮቡን ሳታነቃንቅ ያዘችላት። ጅማ የሷ ነው፣ ክፍሉም የሷ ሊሆን ነው። ያችን ነጥብ እያየች ግን፣ በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን ቀንታ አታውቅም።