ክዳን ያልነበረው ገንዳ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓምና የእንቅርት ዕጢዋ ያለ ልክ መሥራት ሲጀምር እጇ መንቀጥቀጥ፣ ልቧም ድው ድው ማለት ያዘ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባቱ ለእኔ ተረፈ። ያለው መድኃኒት አልተስማማትም። እኔ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ የዚያን ዕጢ ሆርሞን የሚያግድ ሰው ሠራሽ ውህድ ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። ታዲያ ይህን ሥራ እንደ ሥራ ብቻ እንዴት ልየው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆርሞኑ ቁልፍ ነው፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ተቀባይ ደግሞ ቀዳዳው። የእኔ ውህድ ቀዳዳው ውስጥ ተወትፎ ቁልፉን ደጅ ያስቀረዋል ባይ ነኝ። ምስክሮቼ የእንቁራሪት እጮች ናቸው፤ ጭራቸውን ጥለው እግር የሚያወጡት ያው ሆርሞን ሲያዛቸው ነውና። አንደኛው ገንዳ ውስጥ ሆርሞን ብቻ ጨመርኩ፤ ሁሉም እንቁራሪት ሆኑ፣ ዘለው እንዳይወጡ ቶሎ ክዳን ገጠምኩላቸው። ሁለተኛው ውስጥ ሆርሞኑንም ውህዱንም ጨመርኩ፤ እጮቹ ከነጭራቸው ቀሩ። በደስታ የምሆነው ጠፋኝ።

አለቃችን ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። ጎንበስ ብለው አዩና፣

«መርዘሻቸው ቢሆንስ? የታመመ ፍጥረት አያድግም» አሉኝ።

«ሆርሞኑን እጥፍ ድርብ አድርጌ ብጨምር ውህዱን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ ያኔ ይለወጣሉ። ተመርዘው ከሆነ ግን ሆርሞን አያድናቸውም።»

«አሳዪኛ። ካልሆነ ገንዳዎቹን ለዓሣ አጥኚዎቹ እሰጣለሁ።»

አዲስ እጮች ላይ ውህዱንና ብዙ ሆርሞን ጨምሬ ሦስተኛ ገንዳ አዘጋጀሁ። ወዲያው ክፍሉ ለቀለም ቅብ ተዘጋ፤ ምግባቸውን የሚያድል ማሽን ገጥሜ ወጣሁ። ቅቡ ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ፤ እኔም የእህቴን መርፌ ክር እያስገባሁ ጥፍሬን ስነክስ ሰነበትኩ።

በሩ የተከፈተ ዕለት ከአለቃችን ጋር ገባን። ሁለተኛው ገንዳ እንደነበረ ነው፤ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። ሦስተኛው ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

«ለዓሣዎቹ ሰዎች ሰጡብኝ? ትንሽ መታገሥ አቃተዎት?» ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ።

«እኔ የበሩን ቁልፍ የተቀበልኩት ዛሬ ነው» አሉ። ተቆጥተው ተቀመጡና ክፍሉ ሲዘጋ እዚያው ትተውት የነበረውን የላስቲክ ቦት ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። እግራቸውን እንደከተቱ እሳት እንደነካው ሰው መለሱት። ከጫማው ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ዘላ ወጣች። ጭራ የሚባል የላትም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እጭ አይዘልም፣ ሲለወጡ እደርሳለሁ ብዬ ሦስተኛውን ገንዳ ክዳን አልገጠምኩለትም ነበር። እነሱ ለካ እግር አውጥተው እግሬ አውጪኝ ብለዋል።

«ይቅርታ፣ እኔ እኮ...»

«ይቅርታውን ተይውና ያቺን ያዣት!» አለቃችን በጉልበታቸው ተንበርክከው መታጠቢያው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። አንዱን ይዘው ሲነሡ ፊታቸው በርቷል። «እንዲህ የሚዘል የተመረዘ ፍጥረት አይቼ አላውቅም።»

ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጫማው ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋን ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ለእኔ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ደስታ ቢያሰክረኝም አልዋሸኋትም። «ገና ነው እህትዓለም። ሰው ላይ እስኪፈተን ዓመታት ይፈጃል። ግን ይሠራል፣ በዓይኔ አየሁት።»

«እጠብቃለሁ። አንቺ ግን ዛሬ ቶሎ ነይ፤ መርፌዬ ክር አጥቶ ተቀምጧል።»

ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ይኼኛው ግን የዕጢው አልነበረም።