ቁጥር የተጻፈበት ወንበር

የመሥሪያ ቤቱን የንብረት ክፍል ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ «ቀይ ብሩሽ» ይለዋል። ቀለሙን ይዞ ብቅ ሲል ድመቷ እንኳ በመስኮት ትዘላለች፤ ቆሞ የተገኘ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበታላ። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ግድግዳ ተደግፋ ብታንቀላፋ፣ 302 ሆና ነቃች ይባላል። ውሸት ከሆነ ያወራው ይጠየቅ።

መዝጋቢው ጡረታ በወጣበት ቀን ወንበር ተሸክሞ በሩ ጋ ደረሰ። ወንበሩን አናጺው አባቱ ናቸው የሠሩለት፤ ከእሳቸው የቀረለት ማስታወሻ ይህ ወንበር ብቻ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የቢሮው ወንበር ሲሰበርበት ከቤቱ አምጥቶት ነበር። ዘበኛው ገልበጥ ቢያደርገው እግሩ ላይ በቀይ 417 ተጽፏል። ቁጥር ያለበት ዕቃ ደግሞ ያለ ንብረት ክፍል ፊርማ አይወጣም።

ቀይ ብሩሽ ተጠርቶ መጣ።

«የሕዝብ ንብረት ነው» አለ።

«አባቴ ናቸው የሠሩት።»

«አባትህ ከሕዝብ ውጭ ነበሩ?»

«እኔስ? ሕዝብ አይደለሁም?»

«አንተማ ጡረተኛ ነህ። የሕዝብ ማለት የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ደግሞ እኔ እጅ ነው።»

መዝጋቢው ደሙ ፈላ። ወንበሩን ዘበኛው ጋ ትቶ፣ የረሳሁት ወረቀት አለ ብሎ ተመለሰ። ቀይ ብሩሽ ገና ከበሩ ሳይመለስ ንብረት ክፍል ገብቶ ብሩሹን አነሳ፤ ጓሮ በቆመው የቀይ ብሩሽ ብስክሌት ላይም 1009 ብሎ ጻፈ። ከዚያ በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀ።

በመውጫ ሰዓት ዘበኛው ብስክሌቱን ያዘ። ቀይ ብሩሽ የራሴ ነው፣ ቀለሙም ገና አልደረቀም ብሎ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። ዘበኛው ቁጥር እንጂ ሰው አያውቅም። በመጨረሻ ግን መላ አመጣ፤ ቁጥር ስለተጻፈበት ብቻ ዕቃ የሕዝብ አይሆንም ብለህ ፈርም፣ ሁለቱንም እለቃለሁ አለው።

መዝጋቢው እስክሪብቶ አቀበለ።

ቀይ ብሩሽ እስክሪብቶውን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ያውም ዳገት።

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። «አንተ ግን አትቀመጥባትም።»

አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እየተራገሙ ወጡ። መዝጋቢው መንገዱን ሳይሻገር ከኋላው ሲጥጥ የሚል ድምፅ ሰማ። ሃያ ዓመት የሚያውቀው ድምፅ ነው። ዞር ቢል፣ ዘበኛው ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።