የእሜቴ ስንጥብ

የምርምር ጣቢያው ገንዳ ጠባቂ የወንዙን ዛጎል «እሜቴ» ይላታል። ዓይን የላት፣ ጆሮ የላት፣ ሁለት ክዳንና አንድ እግር ብቻ፤ ኩራቷ ግን አይጣል ነው! ወንዙን አሸዋ አውጪዎች ካመሱት ወዲህ ከዘሯ እጭ ይዛ የተገኘች እሷ ብቻ ናት።

የጣቢያው ዶክተር ገና ከወንዙ ስታመጣት ነግራዋለች። «ጋሼ፣ የምትተነፍሰውም፣ ምግቧን ከውሃ የምታጠልለውም፣ ልጆቿን የምታቅፈውም በዚሁ በስንጥቧ ነው። አሁን በእጭ ተጨናንቋል። ከዚህ ከአረንጓዴው የአልጌ ውሃ ከግማሽ ኩባያ እንዳያልፉ፣ አደራ!»

«በኔ ይሁንብሽ፣ ልጄ።»

አርብ ሊወጣ ሲል ግን አንጀቱ አልችል አለው። ሚስቱ ስድስቴ ስታረግዝ ከራሱ ሳህን እያነሳ ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው። «ይህን ሁሉ ሺህ ነፍስ ይዛ ግማሽ ኩባያ? ግፍ ነው!» ብሎ ሁለት ሙሉ ኩባያ አረንጓዴ ውሃ ገለበጠላት። እያፏጨም ወጣ። አይ ሰውዬው!

ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍት ሽታ ተቀበለው። ያልተበላው አልጌ በስብሶ የውሃውን አየር ጨርሶታል። ትንፋሽ ያጠራት እሜቴ ክዳኗን በርግዳ፣ ስንጥቧን ለማቅለል ልጆቿን እያወጣች ነው፤ ነጫጭ ፍርፋሪ።

«ኧረ በፈጠረሽ! ያዢያቸው!»

ውሃ ቀየረ፣ የአየር ቱቦ ጨመረ፣ መዳፉን ከስር ዘረጋ። ምን ይረባል፣ በጣቶቹ መሃል እያለፉ አሸዋው ላይ አረፉ። መመለሻ የላቸውም። ጨነቀው፣ ደወለ።

ዶክተሯ ደርሳ ጥቂቱን ማይክሮስኮፕ ስር አስገባች፤ ቅንጣት ጨውም ጨመረች። የደረሰ እጭ ጨው ሲነካው ክዳኑን ጥርቅም ያደርጋል። የዓሣ ስንጥብ ነክሶ፣ እዚያው ተጣብቆ የሚያድገውም በዚያው ክዳን ነው፤ ዓሣዎቹ ጎረቤት ገንዳ ውስጥ ተዘጋጅተው ነበር።

«ዘጉ?»

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ሌላ ቅንጣት ጨመረች።

«አንድ እንኳ?»

«ሁለት ሳምንት ነበር የቀራቸው፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ። ሁለት ኩባያ ሰጠኋት። ምነው እጄን በቆረጠው!»

ልትቆጣ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «እንዳይርባት ብለው ነው» አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ እሜቴ አገገመች። ስንጥቧ ባዶ ነዋ! የተሰጣትን ግማሽ ኩባያ ወዲያው አጥልላ ውሃውን ኩልል አደረገችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ኩባያ ይስጧት» አለች ዶክተሯ።

ገንዳ ጠባቂው አንዱን ኩባያ ሞልቶ ገንዳው ጋ ቆመ። እጁ አልታዘዝ አለው።