ትንፋሽ የሌለው ድምፅ

ሮዋን ማይክራፎኑን ወደ አፏ ስታስጠጋው የሌላ ሰው ምራቅ ሸተታት። የኮሌጁ ማይክራፎኖች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ስንት ተማሪ እንደጮኸባቸው ማን ያውቃል፤ ከወንፊታቸው ስር ያለችው ስፖንጅ ግን አንድ ቀን እንኳ ታጥባ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ ትተወው ነበር። ዛሬ ግን የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ሁለቴ ሦስቴ ጠረገችው።

ፈተናው የሚሰጠው ኮሌጁ ውስጥ አይደለም። የዘመናዊ ሙዚቃ ክፍል ተማሪ ትምህርቱን የሚጨርሰው በሰሜን እንግሊዝ፣ ባርንስሊ ውስጥ ባለ አንድ የሠራተኞች ክበብ መድረክ ላይ፣ ተራው በደረሰበት እሑድ ቀትር፣ ቢራ በያዙ ሽማግሌዎችና ቢንጎ የሚባለውን የቁጥር ዕጣ በሚጫወቱ አሮጊቶች ፊት ነው። ሃያ ደቂቃ ይጫወታል፣ ከዚያ ቢንጎ ይሆናል፣ የስጋ ዕጣ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሃያ ደቂቃ። ዴክስ የሚባለው መምህራቸው፣ እዚህ ቤት ያለፈ የትም ያልፋል ይላቸዋል። ዴክስ በወጣትነቱ አንዴ በቴሌቪዥን የታየ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። የዚያን ዘመን የቆዳ ጃኬት እስካሁን አላወለቀውም፤ ክረምት ከበጋ ስለሚለብሰው አጠገቡ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ማዞር ይቀናዋል።

በየዓመቱ በዚህ ፈተና ላይ ሃሪየት የምትባል ሴት ትገኛለች። ለመንገደኛ መርከቦች ዘፋኝ የምትመለምል ወኪል ናት፤ ከተማሪዎቹ አንድ ሰው መርጣ ትሄዳለች። ሮዋን ያቺ አንድ ሰው መሆን ትፈልግ ነበር። ስለ ባሕሩ ብዙም አስባ አይደለም። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ከከተማው ዳር ባለው የዶሮ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ካልተመረጠች ደግሞ ከነገ ሰኞ ማለዳ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ተቆጣጣሪዋ ስሟን የፈረቃው ዝርዝር ላይ ካሰፈረችው ሳምንት ሆኗታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዴክስ ቀረጻ ክፍል አስገብቷት አሥሩንም ዘፈኖች ስንኝ በስንኝ አስዘፍኗት ነበር። ከዚያ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠና የወረደውን ድምፅ ከፍ፣ የዘገየውን ፈጠን እያደረገ አስተካከለ። በየስንኙ መሀል ደግሞ ትንፋሽ ስትስብ የተሰማውን እየቆረጠ ጣለው። ሲጨርስ ከፍቶ አሰማት። ድምፁ የእሷ ነው፤ ግን ከደረት የወጣ አይመስልም። ፋብሪካው ውስጥ በቀበቶው ላይ የሚያልፈው የዶሮ ፈረሰኛ ትዝ አላት፤ ቆዳው የተገፈፈ፣ አጥንቱ የወጣ፣ በመድኃኒት ውኃ የታጠበ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ዴክስ እንዴት ነው ሲላት፣ ጥሩ ነው አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ የመለሰችለት ይህንኑ ነው።

ይህ ማጭበርበር እንዳልሆነ ዴክስ ደጋግሞ አስረድቷታል። መርከብ ላይ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ዕረፍት ይዘፈናል፤ ጉሮሮ ሥጋ ነው፣ ይታመማል፤ ላፕቶፕ አይታመምም። ስለዚህ ሮዋን እግሯ ስር ያለውን ፔዳል ትረግጣለች፣ ከበሮውም ቤዙም የራሷም ድምፅ ከላፕቶፑ ይመጣል፤ እሷ ዝቅ ተደርጎ በተከፈተ ማይክራፎን ላይ አፏን ታንቀሳቅሳለች። የክፍል ጓደኛዋ ብራድሊ ብቻ አጠገቧ ቆሞ ጊታሩን ከምሩ ይመታል።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ በሰላም አለፈ። ሃሪየት ፊት ለፊት ተቀምጣ በእግሯ ምት ትቆጥር ነበር። አንድ ሽማግሌ በቀስታው ዘፈን ላይ ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ሮዋን አየቻቸው። እሳቸው ሲያለቅሱ እሷ ምንም አልዘፈነችም ነበር።

ሲወርዱ ዴክስ የሁለተኛው ክፍል ዘፈኖች ተዘጋጅተው ስለተቀመጡ አንድም ሽቦ እንዳይነኩ አዘዛቸው። ሮዋን ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች፤ የክበቡ ሰዎች ለተጫዋች የሚሰጡትን ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የአሳማ ስጋ፣ አስጨበጧት። የሚያዩዋት ስለመሰላት ጎረሰችው። ስቡ ቀዝቅዞ ነጭ ሆኗል፤ ላንቃዋ ላይ እንደ ሻማ ተለጠፈ።

ቢንጎው ተጀመረ። የክበቡ ጸሐፊ ወይዘሮ ዶሪን የራሳቸውን ማይክራፎን ይዘው ቁጥር ይጠራሉ፤ በዚያ ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ የለም። ቀለም የጠገቡ ወፋፍራም ብዕሮች ብቻ ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አሳላፊው ሌን የዕጣውን ስጋ በትልቅ ትሪ ይዞ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣ። ትሪው ሁሉም ሰው አይቶ እንዲጎመጅ መድረኩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ልማዱ ነው። የአሳማ ጎድን፣ ጉበት፣ ቋሊማ፣ ሁለት ሙሉ ዶሮ። ሌን ጎንበስ አለና ትሪውን አስቀመጠ። ያስቀመጠው ፔዳሉ ላይ ነው።

ወይዘሮ ዶሪን አርባ ሰባት ብለው ሳይጨርሱ የሮዋን ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ መድረኩን አየ፤ እዚያ ስጋ እንጂ ሰው የለም። ከዚያ ዞሮ ሮዋንን አየ። አፏ በፓይ ተሞልቷል።

"ማን ነው የሚዘፍነው?" አሉ አንዲት አሮጊት።

"ልጅቷ ናታ።"

"ልጅቷማ እየበላች ነው።"

"በአፍንጫዋ ይሆናላ" አለ አንዱ ከቢራው ጀርባ፤ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉም ግን አልሳቀም። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ቁጥር ብቻ ቀርቷቸው እንደነበር ለግራውም ለቀኙም ይናገሩ ጀመር። የተቀዳ ድምፅ ባልከፋ፣ ቢንጎ መሀል ድምፅ ማሰማት ግን እዚያ ቤት ይቅርታ የለውም። ዴክስ ሮጦ ትሪውን አነሳው፤ ሲያነሳው አጋደለና የጉበቱ ደም ፔዳሉ ላይ ፈሰሰ። ፔዳሉ አንዴ ከተረገጠ ካልደገሙት አይጠፋም፤ ስለዚህ ዘፈኑ ቀጠለ። ዴክስ ላፕቶፑን እስኪዘጋው ድረስ ሮዋን ያንን ንጹሕ፣ አንዴም የማይተነፍስ ድምፅ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ አዳመጠችው። ፓዩን መዋጥም መትፋትም አልቻለችም።

ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ሃሪየት አገኘቻት። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ እንቁላል በሶፍት ይዛ ትገምጣለች።

"ጎሽ፣ አልደነገጥሽም" አለቻት። "ያምናዋ ልጅ ብትሆን አልቅሳ ትወጣ ነበር።"

ሮዋን የተዘጋጀችው ለስድብ ነበር። ድምፁ የተቀዳ መሆኑን ሁሉም ሰው እንዳወቀባት ቀስ ብላ ተናገረች።

"እኔ ገና ስትጀምሪ ነው ያወቅኩት። የማን ድምፅ ነው ታዲያ፣ ያንቺ አይደለም?"

"የኔ ነው። ግን..."

"መርከብ ላይ ግን የለም፣ የኔ ቆንጆ። የምፈልገው በየምሽቱ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሰማ ሰው ነው። ሁለተኛውንም እንዲሁ ጨርሺውና ትፈርሚያለሽ።" ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። ከከንፈሯ ጥግ የእንቁላሉ አስኳል ተጣብቆ፣ በተናገረች ቁጥር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሮዋን ወረቀቱን ማየት ሲገባት ያየችው እሱን ነው።

ዴክስ ከኋላ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ አየሽ፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም አላት።

ሁለተኛው ክፍል ደረሰና ወጡ። ላፕቶፑ እንደገና ተከፍቷል። ፔዳሉን ግን የጠረገው ሰው የለም፤ ደሙ መርጋት ጀምሮ ያብለጨልጫል። ሮዋን ለዛሬ ብላ የገዛችውን ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች። እግሯን አነሳች። ሽታው መጣ። ብርድና ብረት የሚሸተውን የፋብሪካውን ሽታ ታውቀዋለች፤ አሁን ካልረገጠች ነገ ማለዳ ተመልሳ የምትገባው እሱ ውስጥ ነው። ይህንን እያወቀች እግሯን ልታወርደው ሞከረች። እግሯ አልወርድም አለ።

"እርገጪው እንጂ" አላት ብራድሊ በሹክሹክታ።

"አልችልም።"

"እኔ ልርገጥልሽ?"

ሃሪየት ሰዓቷን አየች። ዴክስ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ እየረገጠ ያሳያታል፤ ለሕፃን ልጅ ብስክሌት የሚያስተምር ይመስላል።

"ተወው" አለች ሮዋን። "አንተ ጊታሩን ብቻ ምታልኝ።"

ብራድሊ ምን እንደምትል ገባው፤ ፊቱ ነጣ፣ ግን መታ። እሷም ጀመረች፤ ማይክራፎኑ እንደነበረ ዝቅ ብሎ ነውና ከሁለተኛው ጠረጴዛ ወዲያ የሰማት የለም። ሰዎች ማውራት ጀመሩ። ወይዘሮ ዶሪን ይህንን ጥቂት ታገሱና ከቢንጎ ጠረጴዛቸው ተነሥተው፣ እያነከሱ መድረኩ ሥር ደረሱ፤ የራሳቸውን ማይክራፎን ወደ ላይ ዘረጉላት።

"እንቺ፣ ይሄ ይሠራል።"

የናና ከረሜላ ይሸታል። ሮዋን ሁለተኛውን ዘፈን በእሱ ዘፈነች፤ መሀሉ ላይ ድምፅዋ ወረደ፣ እሷም ሰማችው፣ ቤቱም ሰማ። በየስንኙ መሀል አየር ስትስብ ትንፋሿ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ እስከ መጠጥ ባንኮኒው ድረስ ይሰማል።

"የቅድሟ ትሻል ነበር" አለ ያው ከቢራው ጀርባ ያለው ሰውዬ። አሁንም ተሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ነበር።

በሦስተኛው ዘፈን ላይ ሃሪየት ጣቶቿን በሶፍት ጠረገች፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች፣ ኮቷን ደርባ ወጣች። ሮዋን በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየች ዘፈኑን ጨረሰችው። የቀሩትንም ሁለቱን ጨረሰች። ጭብጨባው ሰው ላለማሳፈር ያህል ነበር።

ዴክስ የፈተናውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጽፍ ደረሰችበት። ቀና ሳይል ለሥራ ዝግጁነት ምንም እንዳልሰጣት፣ ለቴክኖሎጂ አጠቃቀምም ምንም እንዳልሰጣት፣ ብታልፍ ለጥቂት እንደምታልፍ ነገራት። ሁለት ዓመት የደከመባት ለዚህ እንዳልነበረም አከለ።

"ትንፋሼን ለምን ቆረጥከው?" አለችው። ለእርሱ ጥያቄ ስታቀርብ የመጀመሪያዋ ነበር።

"የምን ትንፋሽ?"

"ስትቀዳኝ። በየመሀሉ የነበረውን።"

ዴክስ ለማስታወስ ከልቡ ሞከረ። "ያ እኮ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር ነው" አላት። "ማን ይሰማዋል ብለሽ ነው።"

እሱን መጥላት ቀላል ነበር። የሚያስጠላው ሌላው ነው፤ የዚያን ቀን ቀረጻ ክፍል ውስጥ ጥሩ ነው ያለው አፍ የራሷ ነበር።

ወይዘሮ ዶሪን ማይክራፎናቸውን ሊወስዱ መጡ። ተቀብለው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት።

"በሁለተኛው ላይ ወርደሽ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ዶሪን።"

"ቢንጎዬንም አበላሽተሻል።"

"አውቃለሁ።"

"በሚቀጥለው ወር አንድ እሑድ ሰው የለንም። ከመጣሽ ግን እሱን እንዳታመጪው።" ላፕቶፑን በአገጫቸው አመለከቱ፤ በወጥመድ የተያዘ አይጥ የሚያሳዩ ይመስሉ ነበር።

ሮዋን ያን ሰዓት የፈለገችው እጇን መታጠብ ብቻ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ፋብሪካው በር ላይ ደረሰች። ነጩን ካፖርት ለበሰች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ጭምብሉን አጠለቀች፣ ቀበቶው ዳር ቦታዋን ያዘች። ዶሮዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላው። ማሽኑ ከመጮሁ የተነሣ እዚያ ቤት ማንም ማንንም አይሰማም። ከጭምብሉ ሥር ግን ሲገባና ሲወጣ የራሷን ትንፋሽ ሰማችው። በአፍንጫዋ ብርድና ብረት እየሸተታት፣ ሁለተኛውን ዘፈን ከወረደችበት ቦታ ጀመረችው።